ርዕሱ ተገልብጦ የተጻፈበት የድሮ ስዕል፦ ይሄ በየቀኑ የማቋርጠው ፓርክ ነው?

የሽሮሜዳዋ

ሰላም ናችሁ። የድሮ ዕቃና ስዕል የምታውቁ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አይቼ ነው የጻፍኩት።

ለንደን ነው የምኖረው። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ፒምሊኮ አካባቢ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምሄድላቸው የ91 ዓመት እናት ነበሩኝ። ባለፈው ወር ስኮትላንድ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ዕቃ ሲሸከፍ፣ አንድ በፍሬም ያለ ስዕል ከግድግዳ አስወርደው ሰጡኝ። «አንቺ በየቀኑ የምታልፊበት ፓርክ ነው» አሉኝ። በኛ ሥራ ስጦታ ዝም ብሎ አይወሰድም። ለቢሮ ተናገርኩ፣ ልጃቸውም ፈረመ፣ ከዛ ነው ቤቴ ያመጣሁት።

እውነት ነው፣ ከሳቸው ቤት ወጥቼ ወደ ሶሆ ሁለተኛው ሥራዬ ስሄድ ሴንት ጄምስ ፓርክን አቋርጣለሁ። አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ የምሄደው ለፓርኩ ስል ነው። ግን ይሄን ስዕል ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁት፣ ፓርኬን አጣሁት።

የማየውን ልንገራችሁ። ስፋቱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 26 ነው። መስመር በመስመር በጥቁር የታተመ ሆኖ ከላዩ ቀለም ተቀብቶበታል። ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ፣ መንገዱ ቢጫ፣ የሴቶቹ ቀሚስ ሮዝ። ቀለሙ አንዳንድ ቦታ ከመስመሩ አልፎ ፈሷል። መሐሉ ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ረጅም ውሃ አለ። በግራና በቀኝ ዛፎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ከውሃው ጫፍ ማዶ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ግንብ ያለው፣ ክንፎቹ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሕንፃ ይታያል። በስተግራ በኩል ራቅ ብሎ መንታ ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ። ከሱ በታች፣ ወደኛ ቀረብ ብሎ፣ ለብቻዋ ያለች ትንሽ ኩሬ። በስተቀኝ በታች ደግሞ ሁለት ላሞች! አንዲት ሴት አንዷን እያለበች ነው፣ ሁለት አምረው የለበሱ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

የተምታታብኝ ይሄ ነው። ከላይ የተጻፈው ርዕስ ተገልብጧል። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ፊደልም ዞሯል። ከታች ያለው ጽሑፍ ግን ደህና ይነበባል። ወረቀቱ ስለተቆረጠ «ፓሪስ» እና «ሩ ሴን ዣክ» የሚለው ብቻ ነው የቀረው። ለንደን ከሆነ ፓሪስ ምን አገባው? ሐይቁስ ለምን ቀጥ አለ? የኔ ፓርክ ሐይቅ የሚታጠፍ፣ ደሴት ያለበት ነው። ደግሞ ድልድዩ ላይ ቆሜ ከሐይቁ ጫፍ ማዶ ወዳለው ሕንፃ፣ ወደ ሆርስ ጋርድስ ሳይ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ዌስትሚኒስተር አቢ በቀኜ ነው። እዚህ በግራ ነው።

የተሳሳተ ስዕል ነው ወይስ ሌላ ፓርክ ነው? ለመሸጥ አይደለም የምጠይቀው። እኚህ ሴትዮ የሰጡኝን ነገር ማወቅ ፈልጌ ነው።

መዳብና ቀለም

እህቴ፣ አገላለጽሽ ግሩም ነው። ፎቶ ሳላይ አየሁት።

አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግራፊክስ ነው ያጠናሁት፤ አሁን ጀርመን ማተሚያ ስቱዲዮ ውስጥ እሠራለሁ። ስዕሉ አልተሳሳተም። ሆን ተብሎ ነው የተገለበጠው። ይሄ ዓይነት ህትመት በፈረንሳይኛ ቩ ዶፕቲክ ይባላል፣ «በመነጽር የሚታይ እይታ» እንደማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተለይ ከ1740ዎቹ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በጣም ይወደድ ነበር።

በእጅ ተይዞ እንዲታይ አልነበረም የሚሠራው። ዞግራስኮፕ የሚባል ዕቃ ነበር። አንድ ትልቅ ማጉያ ሌንስ በእንጨት ቋሚ ላይ ይቆማል፣ ከጀርባው መስታወት በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጊዋለሽ፣ በሌንሱ በኩል መስታወቱን ታያለሽ። ያኔ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዛፎቹ ይርቃሉ፣ ፓርኩ ውስጥ የቆምሽ ይመስልሻል። ውሃውና የዛፉ ሰልፍ እንደዛ የተለጠጠው ለዚህ ነው። ዕቃው የሌለው ሰው ደግሞ ገበያ ላይ ሳጥን ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ሳንቲም ከፍሎ በቀዳዳ ያይ ነበር።

መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርጋል። ስለዚህ ከላይ ያለው ርዕስ በመስታወት ሲታይ እንዲነበብ ተገልብጦ ታተመ። የታችኛው ጽሑፍ ያለ መስታወት ለሚያነብ ገዢ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ አለ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ፣ እኔ የምወደው ይሄን ነው። ቀራጩ ቡሪን በሚባል ሹል ብረት የመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመር ይቆፍራል። ቀለሙ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ላዩ ይወለወላል፣ እርጥብ ወረቀት ይነጠፍበትና በከባድ ሲሊንደር ሥር ያልፋል። የሚወጣው ህትመት ሁልጊዜ የሰሌዳው ግልባጭ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚነበብ ጽሑፍ የፈለገ ቀራጭ መዳቡ ላይ ገልብጦ መጻፍ አለበት። እኛ ተማሪ ሆነን ስንቱን ሰሌዳ በዚህ አበላሽተናል። ያንቺ ቀራጭ የታችኛውን ጽሑፍ በሙሉ ገልብጦ ቆፍሯል። የላይኛውን ግን እጁ እንደለመደው ቀጥ አድርጎ ነው የጻፈው። ስዕሉንም እንዲሁ፣ ፊቱ ያለውን ዋና ስዕል እያየ ቀጥታ ቀዳው። ሲታተም ተገለበጠ፣ አቢውም ወደ ግራሽ ሄደ። በመስታወት ሲታይ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የድሮ የመዳብ ህትመት መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ነገር እይልኝ። በስዕሉ ዙሪያ ወረቀቱ ላይ እንደ መጫን ያለ ሥርጉድ መስመር አለ? ወረቀቱ ወደ መስኮት ሲያዝስ እንደ ወንፊት ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ? ከፍሬሙ ግን በራስሽ አታውጪው!

የሽሮሜዳዋ

ይገርማል! ስልኬ ላይ ፎቶውን ገለበጥኩት። ርዕሱ ተነበበ። ፈረንሳይኛ ነው፣ ጎረቤቴ ካሜሩናዊት ናት፣ «የለንደን የሴንት ጄምስ ፓርክ እይታ» ይላል አለችኝ። አቢውም በቀኜ መጣ። ቁጭ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሥርጉዱ በሦስት በኩል አለ። ከታች ተቆርጧል። ወደ መስኮት አላነሳሁትም፣ ጀርባው በካርቶን ተዘግቷል፣ እንዳልከው አልነካሁትም።

የቀረኝ ቀጥ ያለው ውሃ ነው። እና ትንሿ ኩሬ። በየቀኑ በዛ በኩል አልፋለሁ፣ ኩሬ የለም።

ፒምሊኮ በእግር

ሰላም ልጄ። እኔ ለንደን ከመጣሁ 38 ዓመቴ ነው። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እንግዳ አስጎበኝ ነበር። ፓርኩን እንደ ሰፈሬ ነው የማውቀው።

ውሃው እውነት ቀጥ ያለ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1660 ከስደት ሲመለስ ፈረንሳይ ያየውን ዓይነት የአትክልት ቦታ ፈለገ። 775 ሜትር ርዝመት፣ 38 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ አስቆፈረ፣ ዛፎች በመደዳ አስተከለ። ሰዓትሽን እያየሽ የምታልፊያቸው ፔሊካኖች የመጡትም በሱ ዘመን ነው፤ በ1664 የሩሲያ አምባሳደር ለንጉሡ ያመጣቸው ስጦታ ናቸው። ቦይው ጆን ናሽ የሚባለው አርክቴክት በ1820ዎቹ ፓርኩን እንደገና እስኪያበጀው ድረስ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ኖረ። የምትወጂውን የሚታጠፍ ሐይቅ የሠራው ናሽ ነው። ስለዚህ ስዕሉ የሚያሳየው ከናሽ በፊት ያለውን ነው።

ግን ከዛም በላይ ልናጠብበው እንችላለን። ሦስት ምስክር አለሽ።

አንደኛ፣ መንታው ግንብ። የአቢው ሁለቱ የምዕራብ ግንቦች የተጠናቀቁት በ1745 ነው። ሰው ሁሉ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስለዋል፣ አይደለም። አስጎበኝ እያለሁ ይሄን ስናገር የማይከራከረኝ እንግዳ አልነበረም። ስዕሉ ላይ ግንቦቹ ካሉ ከ1745 ወዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከውሃው ማዶ ያለው ሕንፃ። ድሮ እዛ ትንሽ የጡብ ሆርስ ጋርድስ ነበር። በ1749 ፈረሰና በ1750ዎቹ ያሁኑ የድንጋይ ሕንፃ ተሠራ። የቬኒሱ ሠዓሊ ካናሌቶ ያኔ ለንደን ስለነበር አሮጌውንም አዲሱንም ከፓርኩ በኩል ስሏቸዋል። ያንቺ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ክንፎች ካሉት አዲሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የጠፋችብሽ ኩሬ። ሮዛመንድስ ፖንድ ትባል ነበር። ከፓርኩ በደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ በርድኬጅ ዎክ የሚባለው መንገድ ወደ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት በሚደርስበት በኩል። ፍቅረኞች የሚቀጣጠሩባት ቦታ ነበረች። በ1770 በአፈር ተሞላች። አንቺ በየቀኑ እላይዋ ትረግጫለሽ ማለት ነው።

ስለዚህ በ1750ዎቹ እና በ1770 መካከል የተሠራ ነው።

መዳብና ቀለም

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ የኩሬዋን ነገር አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም በአሮጌ ህትመት ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

እርስዎ ያገኙት *የመጀመሪያው ስዕል* የተሳለበትን ዘመን ነው። ይሄ ወረቀት የታተመበትን አይደለም። በእንግሊዝ በ1735 የቀራጮች መብት ሕግ ወጥቶ ነበር። የታዋቂው ቀራጭ የሆጋርዝ ግፊት አለበት። ህትመቱ ላይ ቀኑና «በፓርላማው ሕግ መሠረት» የሚል ቃል ካለ ለ14 ዓመት ማንም እንዳይቀዳው ይከላከላል። ግን ሕጉ ባሕር አይሻገርም። የፓሪሷ ሩ ሴን ዣክ የህትመት ነጋዴዎች ሰፈር ነበረች። የለንደን ህትመት እጃቸው ሲገባ ይቀዱታል፣ ርዕሱን ፈረንሳይኛ ያደርጉታል፣ ቀለም ቀብተው ይሸጡታል። ጀርመን አውግስበርግ፣ ጣሊያን ባሳኖም እንዲሁ። የመዳብ ሰሌዳ ደግሞ ንብረት ነው። ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ መስመሩ ሲደበዝዝ እንደገና ይቆፈራል። ኩሬዋ በ1770 ብትደፈንም ፓሪስ ያለው ሰው አልሰማም፣ ቢሰማም ግድ የለውም። ከ15 ዓመት በኋላም ሊያትማት ይችላል።

እና የእህታችን ቀራጭ ምናልባት ለንደንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሕንፃዎቹን ማመን ይቻላል፣ ከዋናው ስዕል የተቀዱ ናቸው። ከፊት ያሉትን ሰዎችና እንስሳት ግን ብዙ አልተማመንባቸውም። ቀራጮች ባዶ ሜዳ ለመሙላት ከሌላ ስዕል ያመጧቸው ነበር። ውሻ፣ ለማኝ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ላም። አንዷ ላም አሥር ከተማ ትዞራለች። ላሞቹ የዚህ ዓይነት መሙያ ይመስሉኛል።

የሽሮሜዳዋ

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ተቀብያለሁ። ላሞቹን ግን እባክህ አትውሰድብኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። እናቴ ሽሮ ሜዳ ሁለት ላሞች ነበሯት። ማለዳ ጎረቤት ጣሳውን ይዞ ይመጣል። አንዳንዶቹ በረት ድረስ ገብተው ስትታለብ ቆመው ያዩ ነበር። ውሃ እንዳይገባበት ነው። እናቴ አንድም ቀን ተቀይማ አታውቅም፣ «ይይ፣ ልቡ ይረፍ» ነበር የምትለው። እኔ ጣሳ ያዥ ነበርኩ። ስዕሉ ላይ ሁለቱ የለበሱ ሰዎች አቋቋማቸው ልክ እንደዛ ነው። ዓይናቸው አላቢዋ እጅ ላይ ነው። አንደኛው እጁ ላይ ትንሽ ነገር ይዟል፣ ትናንት በማጉያ አየሁት፣ ኩባያ ነው። ሜዳ ለመሙላት ብቻ የመጣ ሰው ኩባያ ይይዛል?

ፒምሊኮ በእግር

ልጄ፣ ልክ ነሽ።

ሴንት ጄምስ ፓርክ ውስጥ ወተት ይሸጥ ነበር። መሐል ከተማ፣ ንጉሥ አፍንጫ ሥር! በ1765 ለንደንን የጎበኘ ግሮዝሌ የሚባል ፈረንሳዊ ጽፎታል። ላሞቹ እኩለ ቀን ላይና ማታ ከፓርኩ ወደ ኋይትሆል ሰፈር እስከሚያወጣው በር ድረስ ይነዳሉ። እንጨት ላይ ይታሰራሉ። ለአላፊ አግዳሚው እዛው ይታለቡና ወተቱ በትናንሽ ኩባያ ይሰጣል። ልብ በይ፣ ይሄ ሰው የመጣው እኛ ስዕሉን ባስገባንበት ዘመን ውስጥ ነው።

ምክንያቱም ያው የእናትሽ ጎረቤቶች ምክንያት ነው። በጊዜው ለንደን ጎዳና ላይ የሚዞር ወተት ውሃ ይገባበታል ተብሎ ይታማ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ግን ዓይንሽ እያየ ነው የሚታለበው። ወተት ሻጮቹ እዛ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነበሩ። ቦታውን ልንገርሽ። ከቤተ መንግሥቱ በኩል ሆነሽ ወደ ሆርስ ጋርድስ ስታዪ በግራ እጅሽ፣ ዘ ሞል ወደሚባለው መንገድ ጫፍ። ስዕሉ ተገልብጧልና ላሞቹ በቀኝ ከሆኑ ወገናቸው ትክክል ነው።

ቀራጩ ወደ ፊት ስቧቸው ይሆናል፣ በደንብ እንዲታዩ። ላሞቹ ግን የፓርኩ ናቸው።

መዳብና ቀለም

ተረታሁ፤ ኩባያውን አላየሁም ነበር። ፈረንሳዊው ቀራጭ ራሱ ምን እንደሆነ ሳይገባው ከዋናው ስዕል ላይ በታማኝነት ቀድቶት ሊሆን ይችላል። እህቴ፣ ከሁላችንም በላይ ያነበብሽው አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ ገበያ

ዘግይቼ መጣሁ። እኔ ፍሬም ሠሪ ጋ ነው የምሠራው። ሁለት ነገር ብቻ። በእጅ የተቀባ የውሃ ቀለም ፀሐይ ይበላዋል፣ መስኮት ፊት እንዳትሰቅይው። ከጀርባው ያለው ካርቶን የድሮ ከሆነ አሲዱ ወረቀቱን ያጠቁረዋል፣ አሲድ የሌለው ይቀየርለት፣ ግን ወረቀት የሚያውቅ ባለሙያ ያድርገው። በሙጫ ተለጥፎ ከሆነ በጉልበት አይላቀቅም። ለማነጻጸር ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየም የህትመትና የእጅ ስዕል ክፍል የማንበቢያ አዳራሽ አለው፣ ቀጠሮ ይዘሽ በነፃ ትገቢያለሽ። ስብስባቸውን ኢንተርኔት ላይም ማየት ትችያለሽ።

የሽሮሜዳዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። የሆነውን ልንገራችሁና ልተዋችሁ።

ሐሙስ ዕረፍቴ ነበር። የገለበጥኩትን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤ ወደ ፓርኩ ሄድኩ። ጋሼ እንዳሉት ከቤተ መንግሥቱ በኩል ቆምኩ። ዛፉ አድጎ ብዙ ይጋርዳል፣ ግን ሆርስ ጋርድስ በሐይቁ ማዶ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ግንብ ከስልኩ ጋር አስተያየኋት፣ ራሷ ናት። ከዛ ወደ በርድኬጅ ዎክ ጥግ ሄድኩ። ሣር ነው። አንድ ልጅ ኳስ ይጫወት ነበር፣ አባቱ ሳንድዊች ይበላል። ኩሬዋ እግራቸው ሥር እንደነበረች ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት።

ማታ ስኮትላንድ ደወልኩላቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መስታወቱን፣ ኩሬዋን፣ ኩባያውን። ስዕሉን በ1958 ከባላቸው ጋር ፓሪስ ሄደው ከወንዙ ዳር መጽሐፍ ሻጮች እንደገዙት ነገሩኝ። የወደዱት የሚያውቁት ቦታ ስለሆነ ነው። ርዕሱ የተገለበጠው በስህተት ስለሚመስላቸው ሁልጊዜ ያዝኑለት ነበር። ስለ እናቴ ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዛ «የላሞቹ ስም ማን ነበር?» አሉኝ። ቡሬና ዳለቻ አልኳቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፣ ሊጽፉት።

ካርቶኑን ባለሙያ ቀይሮልኛል። ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ፣ እንደ ወንፊት ያሉት መስመሮች አሉ። ስዕሉን ኮሪደር ላይ ሰቀልኩት፣ ፀሐይ አይደርስበትም። ፊት ለፊቱ ሻሼን የማስተካክልበት መስታወት ነው ያለው። ጠዋት ለሥራ ስወጣ መስታወቱ ውስጥ ርዕሱ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ አቢውም በቀኝ ነው።

ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ። ኩባያዋ ከቀኝ ጥግ፣ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ግራ እጅ ላይ ናት።